ወሳኙ ማን ነው?

አማርኛ ፍርድንና ድንበርን ከአንድ ሥር ያወጣል። ዳኛ ይወስናል፤ ማሳም ወሰን አለው። ስለዚህ የሒሳብ መጻሕፍት «ክሪቲካል» የሚሉትን «ወሳኝ» ብሎ መመለስ ያስኬዳል። ቃሉ ከግሪክኛው «ክሪኔይን» የመጣ ነው፤ መለየት፣ መፍረድ ማለት ነው። ሃያሲም በእንግሊዝኛ ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ሒሳብ ግን ይህን አንድ ስም ጠባያቸው ለማይገጥም ሁለት ነገሮች ሰጥቶታል፤ በካልኩለስ ለወሳኝ ነጥብ፣ በስታቲስቲክስ ለወሳኝ እሴት።

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሊትል ኢትዮጵያ በሚባለው የፌርፋክስ ጎዳና፣ ከምግብ ቤቶቹ በአንዱ፣ የምሳ ሰው ሳሳ ሲል እህትና ወንድም አንድ ጠረጴዛ ይዘው ያጠናሉ። እሷ አስተናጋጅ ናት፤ ነርሲንግ ለመግባት የተጠየቀችውን ስታቲስቲክስ ትወስዳለች። እሱ 12ኛ ክፍል ነው፤ ካልኩለስ ይዟል። ያው ቃል በሁለቱም ደብተር አለ። እሱ ግን የራሱን የሚያገኘው ከኩርባው ነው፤ እሷ ደግሞ ከመጽሐፉ ጀርባ ካለው ሰንጠረዥ።

የእሱ ወሳኝ ነጥብ የኩርባው የለውጥ ፍጥነት ዜሮ የሚሆንበት፣ ወይም ኩርባው እንደ ማዕዘን ሰብሮ የሚታጠፍበት ቦታ ነው። የቤቱ ባለቤት፣ ሁለቱም «ጋሼ» የሚሏቸው አዛውንት፣ የበያይነቱን ዋጋ ከ17 ወደ 18 ዶላር ላሳድግ አላሳድግ እያሉ ሰንብተዋል። ልጁ ለልምምድ ያህል አንድ ሕግ አበጀላቸው፤ በቀን የሚሸጠው ሰሃን ከ144 ላይ የዋጋው አራት እጥፍ ተቀንሶ የሚቀረው ነው እንበል። በ10 ዶላር ሲሸጥ 1,040 ዶላር ይገባል፤ በ11 ዶላር 1,100። አንዷ ዶላር 60 አመጣች። በ17 ግን 1,292፣ በ18 ደግሞ 1,296፣ በ19 ተመልሶ 1,292 ነው። ወሳኙ ነጥብ 18 ነው፤ እዚያ አካባቢ የአንድ ዶላር ፈቀቅ ማለት የሚያመጣው ልዩነት አራት ዶላር ብቻ ነው። ጋሼ፣ «ለአራት ዶላር ብዬ አራት ሰው አላስቀርም» ብለው በ17 ረጉ። ወሳኝ የሚለው ስም ቢያስፈራም፣ ነጥቡ አጠገብ ላለ ትንሽ ስህተት ይቅር ባይ ነው።

የእሷ ወሳኝ እሴት እንዲህ ዓይነት ይቅርታ አያውቅም። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ በየዓመቱ 3.5 ሚሊዮን ያህል አድራሻዎችን በናሙና ወስዶ የሚያካሂደው ጥናት አለ። የዘር ሐረጋቸውን «ኢትዮጵያዊ» ብለው የሚጽፉ ሰዎች ቁጥር ከዚህ ጥናት ይገመታል። ግምት ስለሆነ የስህተት ህዳግ አብሮት ይታተማል፤ ቢሮው ህዳጉን የሚያሰላው በ90 በመቶ የእርግጠኝነት ደረጃ፣ በ1.645 እያባዛ ነው። እሷ በክፍል የተማረችው ግን 95 በመቶን፣ ማለትም 1.96ን ነው።

ጋሼ «ሰው ቀንሷል» የሚል ወሬ ሰምተው ስለነበር ምሳሌ ሠራችላቸው። አንድ ጊዜ 6,000፣ በኋላ 5,000 ሰው ተገመተ እንበል፤ የእያንዳንዱ ግምት መደበኛ ስህተትም 400 ይሁን። የልዩነቱ መደበኛ ስህተት 566 ያህል ይሆናል፤ 1,000 ለ566 ሲካፈል 1.77 ይመጣል።

«ታዲያ ቀንሰናል ወይስ አልቀነስንም?»

«በቆጠራ ቢሮው ወሰን ቀንሰናል፤ በእኔ መጽሐፍ ወሰን ግን ቀንሰናል ለማለት በቂ ማስረጃ የለም።»

«ሰውየው ያው፣ ቁጥሩ ያው! ማን ነው ወሰኑን ያሰመረው?»

ጥያቄያቸው የነገሩ ልብ ነው። ወሳኝ ነጥብ ከኩርባው ውስጥ ይገኛል፤ ማንም አላስቀመጠውም። ወሳኝ እሴትን ግን ሰው መርጦታል። ሮናልድ ፊሸር በ1925 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ 5 በመቶን ለመለያ የወሰደው ምቹ ስለሆነ ነበር። የቆጠራ ቢሮውም 90 በመቶን መረጠ። ምርጫ መሆኑ ነውር አይደለም፤ በሐሰት ላለመደናገጥ የሚጠነቀቅ ወሰኑን ያርቃል፣ እውነተኛ ለውጥ እንዳያመልጠው የሚሰጋ ያቀርበዋል። ነውሩ ውጤቱን አይቶ ወሰኑን ማዛወር ነው። ለዚህ አማርኛ ከሒሳቡ የቀደመ ስም አለው፤ ድንበር መግፋት። «ማኅበረሰቡ እየከሰመ ነው» ለማለት የቸኮለ 1.645ን፣ «ምንም አልሆነም» ለማለት የፈለገ 1.96ን ፈልጎ ቢያመጣ፣ ሁለቱም በሌሊት የድንበር ድንጋይ ያነሱ ናቸው። ስለዚህ ስለ ስደተኛ ቁጥር ዜና ሲነበብ፣ ግምቱን ብቻ ሳይሆን ህዳጉንና የእርግጠኝነት ደረጃውንም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፌርፋክስም ሁለቱንም ዓይነት ይዟል። ከተማዋ በ2002 እ.ኤ.አ. የሊትል ኢትዮጵያን ስም ስትሰጠው፣ ወሰኑን ያሰመረው ምክር ቤት ነው፤ ከዚህ እስከዚህ ተብሎ ታፔላ ተተከለ። የሰፈሩ ኑሮ ግን ኩርባ ነው፤ አንድ ቤት ይዘጋል፣ ሌላው ይከፈታል፣ አንዳንዴም ምንም የማይንቀሳቀስ የሚመስልበት ጊዜ ይመጣል። ወንድሟ ከደብተሩ እንደተማረው፣ የለውጡ ፍጥነት ዜሮ የሆነበት ቦታ ሁሉ ጫፍ አይደለም። አንዱ ጫፍ ነው፤ አንዱ ሸለቆ ነው፤ አንዱ ደግሞ ኩርባው ለአፍታ ትንፋሹን ሰብስቦ በያዘው አቅጣጫ የሚቀጥልበት ነው። የትኛው እንደሆነ ነጥቡ ብቻውን አይናገርም፤ ግራና ቀኙን ማየት ይጠይቃል።