የአባት ሙያና የልጅ ትከሻ

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ አባቶቻችን። ውድ አንባቢዎች፣ ይህ ተረት እውነት መሆኑን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም፤ በየመሥሪያ ቤታችሁ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ባልደረባ አባቱ ምን ይሠሩ እንደ ነበር ጠይቁት። የጸሐፊ ልጅ ጸሐፊ፣ የነጋዴ ልጅ ነጋዴ፣ የወታደር ልጅ ወታደር ሆኖ የምታገኙት ብዙ ጊዜ ነው። እኔም የመምህር ልጅ ነኝ፤ አሁንም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ስለዚህ «የአባት ሙያ ለልጅ በረከት ነው ወይስ ቀንበር?» የሚለው ጥያቄ ለእኔ የክርክር ክበብ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ነገር ግን ስለ ራሴ ቤት ብዙ ከማወራ ይልቅ ጥያቄውን አጉልቶ የሚያሳይ የአንድ የሩቅ አገር ቤተሰብ ታሪክ ላጫውታችሁ። ቤተሰቡ የካናዳው የሐርት ቤተሰብ ነው፤ ሙያቸው ትግል ነው፤ ታሪኩን የምንከተለውም በስምንተኛው ልጅ በብሬት ሐርት በኩል ነው። ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ትግል ስል የመንደር ልጆች በሣር ላይ የሚገጥሙትን ወይም በኦሊምፒክ የሚታየውን ማለቴ አይደለም። በገመድ በታጠረ መድረክ ላይ ለገንዘብ የሚታየውን፣ የእኛ ልጆች በቪዲዮ ቤትና በሳተላይት ቴሌቪዥን እያዩ «ሬስሊንግ» የሚሉትን ማለቴ ነው። በልጅነታችን «እውነት ነው»፣ «የለም፣ ውሸት ነው» እየተባባልን እስኪመሽ እንከራከርበት ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ተማሪዎቼ ይህንኑ ይጠይቁኛል። መልሱ ይህ ነው፦ አሸናፊው ማን እንደሚሆን ከግጥሚያው በፊት ይወሰናል፤ በዚህ በኩል ነገሩ ከውድድር ይልቅ ለቲያትር ይቀርባል። ሆኖም መቶ ኪሎ የሚመዝን ሰው ከትከሻ ላይ ወደ ወለል ሲወረወር የመሬት ስበት የቲያትር ነው ብሎ አይምረውም። ወደ ላይ የሚነሣው ሰው አንገቱንና አከርካሪውን ለሚያነሣው ሰው በአደራ ይሰጣል። እንግዲህ የዚህ ሙያ ትልቁ ጥበብ ሰውን መምታት አይደለም፤ የመታ መስሎ ሳይጎዱ ማሳረፍ ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ይጠቅመናል።

የቤተሰቡ አባት ስቱ ሐርት በ1915 በካናዳ ውስጥ ሳስካቱን በምትባል ከተማ ተወለዱ። ልጅነታቸው የችግር ነበር፤ ቤተሰባቸው በዚያ በሚያጥንት ብርድ አገር በድንኳን ውስጥ የኖረበት ጊዜም ነበር። በኤድመንተን ከተማ በወ.ወ.ክ.ማ. ትግል ተምረው በ1940 የካናዳ አማተር ሻምፒዮን ሆኑ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በባሕር ኃይል አገለገሉ፤ ከዚያም ትግልን መተዳደሪያቸው አድርገው በ1948 በምዕራብ ካናዳ የራሳቸውን የትርኢት ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ ኋላ «ስታምፒድ ሬስሊንግ» በሚል ስም ታወቀ። የኒው ዮርክ ልጅ የሆኑትን ወይዘሮ ሄለንን አግብተው 8 ወንዶችና 4 ሴቶች፣ በድምሩ 12 ልጆች ወለዱ።

በካልጋሪ ከተማ በነበራቸው ትልቅ ቤት ሥር ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ወለሉ ፍራሽ የተነጠፈበት አንድ ክፍል ነበር። ሰዎች «የጨለማው እስር ቤት» ብለው ይጠሩት ነበር። ትግል ልማር ብሎ የመጣውን ጎልማሳ ሁሉ ሽማግሌው ወደዚያ አውርደው በእጃቸው ጨብጠው እስኪጮኽ ድረስ ያጥፉት ነበር፤ ጩኸቱም ፎቅ ላይ ላሉት ልጆች ይሰማቸው ነበር። ሕመምን የማያውቅ ሰው የሌላውን ሕመም መጠበቅ አይችልም የሚል ትምህርት ይመስላል። ከዚያ ቤት ከወጡት ስምንት ወንዶች ልጆች በትግል ሥራ ያልተሳተፈ አልነበረም፤ አንዱ ታጋይ፣ አንዱ ዳኛ፣ አንዱ አዘጋጅ ሆነ። አራቱም ሴቶች ልጆች ደግሞ ታጋዮችን አገቡ።

ብሬት የተወለደው በ1957 ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ በአማተር ትግል በ1974 የካልጋሪ ከተማ ሻምፒዮን ሆነ። ይሁን እንጂ ልቡ ወደ ፊልም ሥራ ያዘነበለ ነበርና ኮሌጅ ገብቶ የብሮድካስት ትምህርት ጀመረ። አሁን «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ተረት መጣ። በ1976 በአባቱ ድርጅት ዳኛ ሆኖ ገባ፤ በ1978 ራሱ ታጋይ ሆነ። ከአባቱ ሌላ ሁለት የጃፓን ታጋዮች ሙያውን አስተማሩት። በክረምት በበረዶ በተሸፈነው ሜዳማ አገር ከከተማ ወደ ከተማ ሌሊቱን በመኪና እየተጓዘ ሠራ። የአባቱ ስም በሩን ከፈተለት፤ ወለሉን ግን አላለሰለሰለትም።

በ1984 አባቱ ድርጅታቸውን ቪንስ ማክማሆን ለሚባለው አሜሪካዊ ባለሀብት ኩባንያ ሸጡ፤ ብሬትም ወደዚያው ሄደ። ያን ጊዜ ኩባንያው ደብሊው ደብሊው ኤፍ ይባል ነበር። ግዙፎች በሚወደዱበት ቤት ብሬት ግዙፍ አልነበረም፤ አፈ ጮሌም አልነበረም። የያዘው ንጹሕ አሠራር ብቻ ነበር። ከእኅቱ ባል ከጂም ናይድሃርት ጋር ተጣምሮ በ1987 የጥንድ ሻምፒዮን ሆነ። በነሐሴ 1992 ለንደን በዌምብሊ ስታዲየም ከሌላዋ እኅቱ ባል ከዴቪ ቦይ ስሚዝ ጋር ገጥሞ በዚያ በብዙ ሺሕ ሕዝብ ፊት ተሸነፈ፤ የዚያ ግጥሚያ ውበት ግን ዛሬም ይነገራል። በዚያው ዓመት በጥቅምት 12 ቀን ሪክ ፍሌርን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮንነትን ቀበቶ ታጠቀ። የት ከተማ ይመስላችኋል? በሳስካቱን፣ አባቱ በተወለዱባት ከተማ ነው። በ1994 ደግሞ በኒው ዮርክ በአንድ ምሽት በመጀመሪያው ግጥሚያ በታናሽ ወንድሙ በኦወን ተሸነፈ፤ በመጨረሻው ግጥሚያ ዮኮዙናን አሸንፎ ቀበቶውን መልሶ ያዘ። በመድረክ ላይ ኦወን በወንድሙ የሚቀና ታናሽ ሆኖ ይጫወት ነበር፤ ከመድረክ ውጭ ግን ይዋደዱ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የበረከት ታሪክ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ሌላ ነው።

በ1996 ብሬት ከኩባንያው ጋር የ20 ዓመት ውል ተፈራረመ። ዓመት ያህል ሳይሞላ ግን ማክማሆን ውሉን ለመፈጸም አቅም እንደ ሌለው ነገረው፤ ብሬትም ወደ ተወዳዳሪው ኩባንያ ለመሄድ ተስማማ። በእጁ ያለውን ቀበቶ ከመሄዱ በፊት ማስረከብ ነበረበት። እሱ ግን በካናዳ ምድር፣ በግል ለሚጣላው ለሾን ማይክልስ አልሸነፍም አለ፤ ውሉም በመጨረሻዎቹ ቀናት ስለ ግጥሚያዎቹ የመወሰን ድርሻ ይሰጠው ነበር። ኅዳር 9 ቀን 1997 በሞንትሪያል ግጥሚያው በመካከል እንዲቋረጥ ተስማምተው ወደ መድረክ ወጡ። ማይክልስ የብሬትን የራሱን የእግር መቆለፊያ በብሬት ላይ ሲያደርግበት፣ ብሬት እጁን ሳይሰጥ ማክማሆን ደወሉ እንዲደወል አዘዘ። ባለቀበቶው ሰው በራሱ ሕዝብ ፊት ተሸናፊ ተባለ። በዚያ ወቅት የፊልም ባለሙያዎች ኑሮውን ይቀርጹ ስለ ነበር ነገሩ በ1998 በወጣ ዘጋቢ ፊልም ላይ ሊታይ ቻለ። ብሬት ልብስ መለወጫ ክፍል ውስጥ አሠሪውን በቡጢ መታው፤ ይህኛው ምት ቲያትር አልነበረም።

«ውጤቱ በወረቀት ላይ የሚወሰን ከሆነ መሸነፍ ምን ያሳዝናል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔም ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ማክማሆንም የራሱ ፍርሃት ነበረው፤ ሻምፒዮኑ ቀበቶውን ይዞ ወደ ተቀናቃኙ ይሄድብኛል ብሎ ሰግቶ ነበር። ብሬትን ያቆሰለው ግን የሽንፈቱ ውጤት አልነበረም፤ የተሰጠው ቃል መፍረሱ ነበር። ከላይ ያዙልኝ ያልኋችሁ ነገር ይህ ነው፦ ይህ ሙያ በአደራ ላይ የቆመ ነው፤ አደራው ከተበላ የሚቀረው ጡንቻ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ መከራው ተከታተለ። በግንቦት 23 ቀን 1999 በካንሳስ ሲቲ ኦወን ለትርኢት ከአዳራሹ ጣሪያ በገመድ ሲወርድ መያዣው ተፈትቶ ወደቀና ሞተ፤ ዕድሜው 34 ዓመት ነበር፤ ሚስትና ሁለት ልጆች ነበሩት። ትርኢቱ በዚያው ሌሊት እንዲቀጥል ተደረገ። ሚስቱ ማርታ ኩባንያውን ከሰሰች፤ ነገሩ በ2000 በ18 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት አለቀ። ነገር ግን ክሱ ቤተሰቡን ለሁለት ከፈለው፤ ብሬት ከማርታ ጎን ሲቆም፣ እንጀራቸው ወይም ተስፋቸው ከኩባንያው ጋር የተያያዘባቸው ሌሎቹ በሌላ ወገን ቆሙ። አንድ ቤተሰብ ሁሉ በአንድ ሙያ ሲኖር፣ ሙያው የታመመ ቀን ቤቱ በሙሉ ይታመማል።

በዚያው በ1999 በታኅሣሥ ጎልድበርግ የሚባለው ተጋጣሚው በግጥሚያ መካከል ጭንቅላቱን በርግጫ መታውና አንጎሉን ጎዳው፤ ጎልድበርግ ኋላ በአደባባይ ተጸጽቷል። ብሬት በ2000 ከሥራው ተሰናበተ። እናቱ በ2001 አረፉ። በሰኔ 2002 በብስክሌት ሲሄድ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታና በአንጎሉ በደረሰው የደም መቋረጥ ግራ ጎኑ ሽባ ሆነ፤ በብዙ ወራት ሕክምናና ልምምድ እንደ ገና ተራመደ። አባቱም በ2003 በ88 ዓመታቸው ዐረፉ።

በጥር 2010 ብሬት ወደዚያ መድረክ ተመልሶ ከሾን ማይክልስ ጋር እጅ ለእጅ ተጨባበጠ፤ 12 ዓመት የቆየ ቂም በዚያ ተዘጋ። የእኅቱና የናይድሃርት ልጅ ናታሊያ ደግሞ ሙያውን ወርሳ በ2010 እና በ2017 የሴቶች ሻምፒዮን ሆነች። ይህን ሁሉ ካየች በኋላ ለምን ገባችበት ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ይህን ጥያቄ ለእኔም የሚያቀርቡልኝ ሰዎች አሉ።

አባቴ ሠላሳ ዓመት ያህል በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ደመወዛቸው ከወር ወር ሲያደርሳቸው አላየሁም። ኮሌጅ ስገባ «ልጄ፣ ሌላ ሙያ ምረጥ፤ የእኔ ይበቃል» አሉኝ። እኔ ግን ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ደብተር ሲያርሙ፣ የተሳሳተውን ልጅ መልስ በቀይ ቀለም ብቻ ከመሰረዝ ይልቅ በዳሩ ላይ ሁለት መስመር ሲጽፉለት አይቼ አድጌአለሁ። ያንን ካዩ በኋላ የባንክ ሠራተኛ መሆን ይቻላል፤ ያላዩትን ያህል መሆን ግን አይቻልም። ሳያስገድዱኝ፣ እንዲያውም እየከለከሉኝ፣ ወራሻቸው ሆንሁ። ሥራ በጀመርሁበት ዓመት ለጓደኞቼ የሚከፈላቸውን ስሰማ አባቴ እውነታቸውን ነበር ያልሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ ዛሬም አልፎ አልፎ እንዲህ እላለሁ።

ታዲያ የብሬት ሐርት ታሪክ ለእኔና ለእናንተ ምን ይጠቅማል? ሰውዬው አምስት ጊዜ የኩባንያው የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ስለ ራሱ ሲናገር ግን በተለይ የሚኮራበት ነገር፣ በዚያ ሁሉ ዘመን አብሮት የሠራ ሰው በእሱ እጅ ክፉ ጉዳት አለማግኘቱን ነው። ቀበቶውን የሰጡት ሌሎች ናቸው፤ የወሰዱበትም ሌሎች ናቸው። ይህን ግን ማንም አልሰጠውም፤ ማንም ሊወስድበት አልቻለም። ከአባቱ የወረሰው ስምና መድረክ ነው፤ ይህን ጠባይ በየሌሊቱ ራሱ ሠርቶታል።

እናንተ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች፣ ወደ ወንበራችሁ የመጣችሁት አባታችሁ በሄዱበት መንገድ ይሁን በራሳችሁ ምርጫ፣ በየቀኑ ፋይሉን ይዞ በመስኮታችሁ የሚቆም ሰው አለ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እንዴት እንደሚያልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ እሱ አያውቅም። ልክ እንደ ተወረወረው ታጋይ ለጊዜው በእጃችሁ ነው። እናንተ ተማሪዎችም ነገ በዚያው ቦታ ትሆናላችሁ። እኔም ነገ ጠዋት ስድሳ ያህል ልጆች ይጠብቁኛል፤ ከእነሱም አንዱ አባቱ ልብስ ሰፊ ናቸውና የእሳቸውን መኪና ልውረስ ወይስ ልሽሽ ብሎ ጠይቆኛል። ውረስ ወይም ሽሽ አላልሁትም፤ የአባትህን ደንበኞች ሄደህ አባትህ እንዴት እንደሚለካቸው፣ ልብሱን ሲያስረክባቸውም ፊታቸው እንዴት እንደሚሆን አንድ ሳምንት ተቀምጠህ ተመልከት፤ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን አልሁት።