መነሻውን የሚጠይቅ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ ላወያያችሁ የፈለግሁት በሰንበት ትምህርት ቤት ጽሑፎች ዘንድ ብዙ ጊዜ የማይነሣ ጉዳይ ነው፤ በሁለተኛ ዓመት የተማርሁት ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን የተባለው የሒሳብ ትምህርት። ብዙዎቻችሁ ስሙን ስትሰሙ ፈተናው ብቻ ትዝ ይላችሁ ይሆናል። እኔ ግን በዚያ ትምህርት ምክንያት አንድ ወንድማችን ያነሣውን ከባድ ጥያቄ፣ ከትምህርቱ ውስጥ ያገኘነውንም ማስተዋል ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

ትምህርቱ ስለ ምንድን ነው?

በታችኛው ክፍል የተማርነው ኢኩዌሽን የሚፈልገው አንድ ያልታወቀ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲገኝ ሥራው ያበቃል። በዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ግን የምንፈልገው የአንድን ነገር ሙሉ ጉዞ ነው። የሚሰጠን ነገሩ በየቅጽበቱ እንዴት እንደሚለወጥ የሚናገር ሕግ ነው፤ ከዚያ ተነሥተን ትናንት የት እንደ ነበረ፣ ነገም የት እንደሚደርስ እናወጣለን።

ከጀበና የተቀዳ ቡናን አስቡ። ትኩስ ሳለ ፈጥኖ ይበርዳል፤ ወደ ቤቱ ሙቀት እየቀረበ ሲሄድ መብረዱ ይዘገያል። በኒውተን ስም የሚጠራው ሕግ ይህን በአንድ መስመር ይገልጸዋል፦ የመብረዱ ፍጥነት በቡናውና በቤቱ ሙቀት መካከል ካለው ልዩነት ጋር ተመጣጣኝ ነው። ይሁን እንጂ ይህን ሕግ ይዛችሁ "ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ስኒው ስንት ዲግሪ ይሆናል?" ብትሉ መልስ አታገኙም። አስቀድሞ ሲቀዳ ስንት እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ "መነሻ ሁኔታ" ይባላል። እርሱ ካልተሰጠ መልሱ አንድ መሆኑ ይቀርና እልፍ ይሆናል፤ በመልሳችን ውስጥ የምንጽፋት ያልታወቀች ቋሚ ቁጥር የዚህ ምልክት ናት።

የብራናው ዕድሜ

ትምህርቱ ከቤተ ክርስቲያናችን ቅርስ ጋር የተገናኘበት ቦታም አለ። በዐድዋ አቅራቢያ ባለው የአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙትን ጥንታውያን የግእዝ ወንጌላት ታውቋቸዋላችሁ። ቀደም ሲል ብዙ ምሁራን ወደ 11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማና ከዚያም ወዲህ ያስጠጓቸው ነበር። ከብራናው የተወሰደ ናሙና በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በካርቦን 14 ሲመረመር ግን ዘመናቸው እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ስሌት የሚቆመው በኮርሱ መጀመሪያ ሳምንታት በምንማረው ኢኩዌሽን ላይ ነው፦ የካርቦን 14 የመቀነስ ፍጥነት በዚያ ጊዜ ካለው መጠን ጋር ተመጣጣኝ ነው። ማንኛውም መጠን በ5730 ዓመት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ፍየሉ በሕይወት ሳለ ከሚበላው ሣርና ቅጠል ካርቦኑን ይተካል፤ ከሞተ በኋላ ግን መተካቱ ይቀርና መጠኑ እየጎደለ ይሄዳል። ለልምምድ ያህል፣ አንድ ብራና ከመነሻው ካርቦን 14 ውስጥ 82.5 በመቶው ቀርቶለት ቢገኝ፣ ዕድሜው 1590 ዓመት ገደማ ይሆናል። የመነሻው መጠን ባይታወቅ ይህን ማለት ባልተቻለ ነበር። የዛፎችን የዓመት ቀለበቶች እየቆጠሩ የሚያስተካክሉትም፣ በአየሩ ውስጥ የነበረው መጠን በየዘመኑ ጥቂት ስለሚለያይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ካርቦኑ የሚናገረው ፍየሉ መቼ እንደ ሞተ ነው፤ ጸሓፊው ማን እንደ ነበረ አይናገርም። ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ አባ ገሪማ ወንጌሉን በአንድ ቀን እንደ ጻፉና ፀሐይም እንደ ዘገየችላቸው የሚናገረው ትውፊት በሌላ መንገድ የተቀበልነው ነው። ስለዚህ አንድ ሰው "ሳይንስ ትውፊቱን አረጋገጠ" ቢለን ከልክ አልፏል፤ "ሳይንስ ትውፊቱን ሻረ" የሚለውም እንዲሁ።

የወንድማችን ጥያቄ

በሴሚስተሩ አጋማሽ አንድ ቴዎረም ተማርን። ሕጉና መነሻው ከተሰጡ፣ የተወሰኑ ቅድመ ሁኔታዎችም ከተሟሉ፣ ጉዞው አንድና አንድ ብቻ ነው ይላል። በግቢ ጉባኤያችን በመዝሙር የሚያገለግል አንድ ወንድም ይህን ከሰማ በኋላ ዝምተኛ ሆነ። ቆይቶም ወደ ንስሐ አባቱ መሄድ አቆመ። አንድ ምሽት ከጉባኤ ስንወጣ እንዲህ አለኝ፦ "መነሻዬን እኔ አልመረጥሁም፤ ሕጉንም እኔ አላወጣሁም። መንገዱ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ንስሐ ገብቼ ምኑን እለውጣለሁ?"

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ላፕላስ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው ድርሰት፣ በአንድ ቅጽበት የኃይላትን ሁሉና የእያንዳንዱን ነገር ቦታ የሚያውቅ አእምሮ ቢኖር፣ መጪው ጊዜ እንዳለፈው ግልጽ ይሆንለት ነበር ብሎ አስቦ ነበር። አንዳንዶች ወንድማችንን "እንዲህ ያለውን አታስብ" አሉት። ይህ ግን የሚያሳርፍ ምክር አልሆነለትም።

ስለዚህ በማግስቱ መጽሐፉን ይዘን ተቀመጥንና ቴዎረሙን እንደገና አነበብነው፤ በዚህ ጊዜ ከቅድመ ሁኔታዎቹ ጀምረን። ከሥሩ አንድ ምሳሌ ነበረ። የለውጡ ፍጥነት ከመጠኑ ካሬ ኩብ ሩት ሦስት እጥፍ ይሁን፤ መነሻውም ዜሮ። አንዱ መልስ ለዘላለም ዜሮ ላይ መቆም ነው። ሌላው የጊዜው ኩብ ነው። ደግሞም የፈለገውን ያህል ጊዜ ዜሮ ላይ ቆይቶ ከዚያ የሚነሣ መልስ አለ። ሁሉም ሕጉን ይፈጽማሉ፤ ሁሉም ከአንድ መነሻ ይነሣሉ። ወንድማችን አንድ በአንድ በደብተሩ ላይ አስገብቶ አረጋገጠ። ቴዎረሙ እዚህ ላይ የማይሠራው፣ ከሚጠይቃቸው ቅድመ ሁኔታዎች አንዱ ዜሮ ላይ ስለማይሟላ ነው።

ይህ ምሳሌ የሰውን ነጻ ፈቃድ ያስረዳል ብዬ አልነገርሁትም፤ እናንተም እንዲህ ብላችሁ እንዳትሰብኩበት አደራ። የነገርሁት ይህን ብቻ ነው፦ ቴዎረሙ ኢኩዌሽናቸው ስለ ተጻፈና ቅድመ ሁኔታውን ስላሟሉ ነገሮች ይናገራል፤ የአንተን ኢኩዌሽን ግን ማን ጻፈው? ወንድማችን ለረጅም ጊዜ ዝም አለና፣ "እንግዲያው ያስፈራኝ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው አልነበረም፤ እኔ የጨመርሁበት ነው" አለ። በዚያው ሳምንት ወደ ንስሐ አባቱ ሄደ። ምን እንደ ተነጋገሩ አልጠየቅሁትም።

ምን እንያዝ?

ወንድሞችና እኅቶች፣ በትምህርት ገበታ ላይ እምነታችሁን የሚያናውጥ የሚመስል ነገር ሲገጥማችሁ አትሽሹ፤ ለመከራከርም አትቸኩሉ። መልሱ የቆመበትን መነሻና ቅድመ ሁኔታውን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቀን ዕውቀቱ ራሱ ሳይሆን ከወሰኑ አውጥተን የሸከፍንበት ሸክም ነው። እምነታችሁን የሚደግፍ የሚመስል ነገር ስታገኙም ያንኑ ጥያቄ ጠይቁ፤ በማይገባ ድጋፍ ላይ የተደገፈ ሰው ድጋፉ ሲነሣ ይወድቃልና።

ለዚህም በእጅ መሥራት ያስፈልጋል። የተሠራ መልስ ማየት ብቻ አይበቃም፤ ወንድማችንን ያሳረፈው የእኔ ንግግር ሳይሆን በራሱ እስክርቢቶ ያረጋገጠው ነው። ጭንቀቱን ለብቻው ይዞ የሚዞር ጓደኛ ካላችሁም ጥያቄውን አታናንቁበት። ደብተር ይዛችሁ አብራችሁት ተቀመጡ፤ ከዚያም ወደ አባቶች አድርሱት።

የአባቶቻችን አምላክ ማስተዋሉን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር