ብርዱን ሳይሆን ውሃውን ፍሩ

አያቶች አንድ ላይ ስንቀመጥ ስለ ጀላቲ አንስማማም። «ቶንሲል ያስነሳል»፣ «ደረቱን ይመታዋል» የሚለው ይበዛል። እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ለልጅ ልጆቼ ጀላቲ ራሴ እሠራላቸዋለሁ፤ ሲታመሙም ጭምር። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቶንሲል። ቶንሲልን የሚያሳምመው ቫይረስ ወይም ባክቴሪያ ነው እንጂ ቅዝቃዜ አይደለም። እንዲያውም ጉሮሮው የታመመ ወይም አፉ የቆሰለ ልጅ ምግብ መዋጥ ሲያቅተው ቀዝቃዛ ነገር ሕመሙን ያስታግስለታል። ውሃ ስትሰጡት ፊቱን የሚያዞር ልጅ ጀላቲ ሲያይ እጁን ይዘረጋል፤ በዚያው ሰውነቱ ፈሳሽ ያገኛል። ይህ ሲባል ግን ጀላቲ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። ትኩሳት ያለው የጉሮሮ ሕመም በጤና ባለሙያ መታየት አለበት። በባክቴሪያ የመጣው ሳይታከም ከቀረ ውሎ አድሮ ልብን ሊጎዳ ይችላል።

ቀዝቃዛ ነገር ምን ያህል እንደሚናፈቅ የተረዳሁት በጋምቤላ ክልል፣ ኑዌር ዞን፣ ዋንቱዋ ወረዳ፣ ማታር ስሠራ ነው። ማታር ለደቡብ ሱዳን ድንበር የቀረበች ቆላ ናት። በበጋ መጨረሻ ሙቀቱ ሌሊትም ፋታ አይሰጥም። እዚያ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ «ዶክተር» ነው፤ ጠዋት ጠዋት «ማሌ፣ ዶክተር!» እየተባልኩ ነበር ሥራ የምገባው። ያኔ በምሠራበት ቦታ የነበረው ማቀዝቀዣ በነጭ ጋዝ የሚሠራው የክትባት ማቀዝቀዣ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ የተጨመቀ ማንጎ በጣሳ ይዘው መጡ። የልጅ ልጃቸው አፏ ቆስሎ ምግብ እምቢ ብላለች። «ለአንድ ሌሊት ብቻ እዚያ አስቀምጪልኝ» አሉኝ በአስተርጓሚ። አሳዘኑኝ፤ ግን አልተቀበልኳቸውም። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሙቀት ይገባል፤ ስለዚህ ምግብም ሆነ መጠጥ እዚያ አይገባም። የአንዷን ልጅ ጥም ለማርካት የብዙ ልጆችን ክትባት ማበላሸት አይቻልም።

ባዶ እጃቸውን ግን አልሸኘኋቸውም። ጣሳውን ከድነን፣ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልለን፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር አስቀመጥነው። ጨርቁ በደረቀ ቁጥር ውሃ ያርከፈክፉበት ነበር። ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ከውስጥ ያለው ይቀዘቅዛል፤ የሸክላ እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። በረዶ ባይሆንም ቀዝቅዞ ነበር፤ ልጅቷም በማንኪያ ትንሽ ትንሽ እያለች ጠጣችው። ዛሬም ፍሪጅ ለሌለው ቤት ይህን ዘዴ እመክራለሁ።

አሁን ወደምፈራው ነገር ልምጣ፤ እሱም ውሃው ነው። ብዙ ሰው በረዶ ጀርም ይገድላል ብሎ ያስባል። አይገድልም። አብዛኛው ባክቴሪያ በበረዶ ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ልጁ አፍ ውስጥ ሲቀልጥ ይነቃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 በፔሩ ኮሌራ በገባ ጊዜ፣ በሽታው ከተዛመተባቸው መንገዶች አንዱ በመንገድ ላይ የሚሸጥ መጠጥና በረዶ ነበር። እኛም ዘንድ በ2017 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን ግጭት የሸሹ ብዙ ሰዎች በተጠለሉባት በማታር ኮሌራ ገብቶ ነበር። ያንን ዜና ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት ሕፃናቱን ነው።

ስለዚህ ጀላቲ የሚጀምረው ከምድጃው ነው። ውሃውን አፍሉት፤ ከተንተከተከ በኋላ ቢያንስ 1 ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ እንደተከደነ ይብረድ። ማገዶ ከቸገረ፣ ውሃው የጠራ ከሆነ፣ እንደ ውሃ አጋር ያለ የውሃ ማከሚያ በመመሪያው መሠረት ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ማንጎውንም ከመላጣችሁ በፊት እጠቡት፤ ቢላዋው የልጣጩን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይዞ እንዳይገባ።

አሠራሩ ቀላል ነው። በደንብ የበሰለ 3 መካከለኛ ማንጎ ልጣችሁ፣ ሥጋውን በሹካ ወይም በጁስ መፍጫ አድቅቁት። 1 የሻይ ብርጭቆ ፈልቶ የበረደ ውሃና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጨምሩበት። ማንጎው ቃጫ ካለው አጥልሉት። በትንንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ቅዱት፤ ብርጭቆ ግን ሊሰነጠቅ ስለሚችል አትጠቀሙ። በረዶ ሲሆን ስለሚያብጥ እስከ አፉ አትሙሉት። ጥቂት ጠጠር ሲል ንጹሕ እንጨት ወይም የሻይ ማንኪያ ትከሉበት፤ አድሮ ጠዋት ይደርሳል። በማንጎ ፋንታ ፓፓያ፣ ሐብሐብ ወይም ሙዝ ይሆናል። መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ ያኔውኑ ይጠጣ እንጂ ተመልሶ አይቀዝቅዝ።

ስኳር አልጨመርንም፤ የበሰለ ማንጎ አያስፈልገውም። ልጁ ጣፋጭ ከለመደ ሁለት ሦስት ቀን ያጉረመርም ይሆናል፤ ከዚያ ይለምደዋል። ማር ደግሞ ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን በፍጹም አይሰጥም። እስከ 6 ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ ይበቃል፤ ውሃም ጀላቲም አያስፈልግም። ከፍ ያሉትም ቁጭ ብለው ይብሉ፤ እንጨት አፉ ውስጥ ይዞ የሚሮጥ ልጅ ከወደቀ ጉዳቱ ከባድ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ጀላቲም ጁስም የኦአርኤስን ቦታ አይተካም። ኦአርኤስ ስኳሩና ጨው ተመጥኖ የተዘጋጀ ነው። ስኳር የበዛበት መጠጥ ግን ውሃን ወደ አንጀት እየሳበ ተቅማጡን ያብሳል። ዓይኑ የጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ የሌለው፣ ሽንቱ የቀነሰ ወይም የፈዘዘ ልጅ ካያችሁ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ በመንገድ ላይም ኦአርኤሱን በማንኪያ እየሰጣችሁ። ጀላቲው ድኖ ሲመለስ ይደርስለታል።