የጥብስ ቅጠል በትውልድ አገሩ

አባቴ ካረፈ ከስምንት ወር በኋላ እናቴ ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ ማርሴይ መጣች። ሁለተኛ ዲግሪዬን የተማርኩትም፣ አሁን ሶፍትዌር እየሠራሁ የምኖረውም በዚችው የደቡብ ፈረንሳይ ከተማ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ብዙም አላወራችም። ወጥ ቤትም አልገባችም፤ እናቴን ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ በአውቶቡስ ወደ ሉሚኒ፣ ወደ ድሮ ትምህርት ቤቴ ወሰድኳት። ከግቢው ጀርባ በ2012 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የካላንክ ብሔራዊ ፓርክ ይጀምራል። ነጭ የኖራ ድንጋይ ተራራ ነው፤ ከሥሩ ባሕር። አፈሩ ስስ፣ በጋው ደረቅ ነው። (መሄድ ካሰባችሁ ፀደይ ይሻላል፤ በበጋ ለእሳት አደጋ ሲባል መንገዱ የሚዘጋበት ቀን አለ።)

ወደ ሱጊቶን በሚወስደው ሰፊ መንገድ ቀስ እያልን ስንወጣ እናቴ ድንገት ቆመች።

«የኛ የጥብስ ቅጠል! እዚህ ድንጋይ ላይ ማን ተከለው?»

ማንም አልተከለውም። ሮዝመሪ የሜድትራኒያን ዳርቻ ተወላጅ ነው፤ ወደኛ ጓሮ የገባው ከውጭ ነው። እኔም እዚህ እስክመጣ ድረስ ያገራችን ተክል ይመስለኝ ነበር። ጎንበስ ብዬ አንዱን ቅጠል ገልብጬ አሳየኋት። ጠርዙ ወደ ታች የተጠቀለለ፣ ሆዱ ነጭ ጸጉር የለበሰ ነው፤ ውሃው ቶሎ እንዳይተንበት ይረዳዋል። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። በዚያን ቀን ደግሞ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ አበባውን ንቦች ወረውት ነበር። ሳይንቲስቶች በ2017 ከሳልቪያ ወገን መድበው ሳይንሳዊ ስሙን እንደቀየሩትም ነገርኳት። ፋይል ከአንዱ ፎልደር ወደ ሌላው ማዛወር ለእኔ ሥራዬ ስለሆነ ደስ ይለኛል፤ እሷን አልገረማትም።

«ስሙማ የጥብስ ቅጠል ነው» አለች።

ልትቀነጥስ እጇን ስትሰድ ፓርኩ ውስጥ መቁረጥ ክልክል መሆኑን ነገርኳት። በመዳፏ ብቻ ዳበሰችውና እጇን አሸተተች። ብዙ ቆየች።

«አባትህን ውሃ አታብዛበት ብለው አይሰማኝም ነበር» አለች። «የበሩን አበሰበሰብኝ። ሌላ ተከልኩ፤ እሱንም አበሰበሰው።»

ከመጣች ጀምሮ ስለ አባቴ ስታነሳ የመጀመሪያዋ ነበር። ሳቀች፤ ከዚያ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አደረገች። ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ እኔም ምንም አላልኩ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ፣ «ቤት ሥጋ አለህ?» አለችኝ።

«የለም፤ ሥጋ ቤቱ ግን መንገዳችን ላይ ነው» አልኳት።