ሳክስፎን ሲፎክር

እስኪ ዛሬ አንድ ሐፍረቴን ልናገር። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የእህቴ ሰርግ ነበር፣ አዲስ አበባ፣ አዳራሽ ውስጥ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው ከመሐል ሜዳ መጥተዋል። እኛ ዘንድ ጋሼ ያልፎከሩበት ሰርግ፣ ሰርግ አይባልም። ኬኩ ተቆርጦ እንዳበቃ ብድግ አሉ። ዱላውን ከፍ አድርገው "ዘራፍ!" ሲሉ ከሙሽራው ወገን ግማሹ ደነገጠ፣ ግማሹ ስልኩን አውጥቶ እየሳቀ መቅረጽ ጀመረ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ አጠገቤ ናቸው። ፊቴ ጋለ። ለዲጄው በእጄ ምልክት ሰጠሁት፤ ሙዚቃውን ለቀቀው። ጋሼ ቃሉ አፋቸው ላይ ቀርቶ ትንሽ ቆሙ፣ ከዚያ ዱላቸውን ዝቅ አድርገው ተቀመጡ። ማን እንዳዘዘ አላወቁም። ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ ሲፎክሩ ያየ የለም።

መጋቢት 2008 ዓ.ም ጌታቸው መኩሪያ ሲያርፍ አንድ ጓደኛዬ ቪዲዮ ላከልኝ። ሽማግሌው ሳክስፎኑን አንግቶ መድረክ ላይ ቆሟል፤ ከኋላው ፈረንጆች ጊታር እየቧጨሩ ይዘላሉ። "ዘ ኤክስ" ይባላሉ፣ የሆላንድ ፓንክ ባንድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1979 ባዶ ቤት ሰብረው በሚኖሩ የአምስተርዳም ወጣቶች መሀል የተጀመረ ባንድ ነው፤ መድረክ ላይ ሲወጡ ዕቃ የሚሰብሩ ነው የሚመስለው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ጫጫታ ነው ብዬ ልዘጋው ነበር።

ከዚያ ሳክስፎኑ ገባ። ጆሮዬን አላመንኩም። ጋሼ ናቸው! ፎካሪ ደረቱን ሞልቶ ይተነፍስና በአንድ ትንፋሽ ያወርደዋል፤ ድንገት ቀጥ ይላል፤ አንድ እርምጃ ወደፊት ይልና እንደገና ይነሳል። ሳክስፎኑ ያንኑ ነው የሚያደርገው፣ ቃል ብቻ ነው የሌለው። ለካ ሽለላን በሳክስፎን የተጫወተው እሱ ነው፤ በዱሮ ጊዜ መድረክ ላይ እንደ ጦረኛ የአንበሳ ጎፈር አጥልቆ ይወጣ ነበር። ፈረንጆቹ ሲሰሙት ፍሪ ጃዝ መሰላቸው። ፍሪ ጃዝ ብሎ ነገር የለም፣ ፉከራ ነው።

የተወለደው ደግሞ በ1927 ዓ.ም ይፋት ነው። ከመንዝ ገደሉን ስትወርዱ፣ ያው ጎረቤታችን። በክራርና በመሰንቆ ጀምሮ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ፣ ከዚያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከዚያ የፖሊስ ኦርኬስትራ።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ከባንዱ ጋር የተገናኘበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ዘ ኤክሶች 25ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ አምስተርዳም ጠሩት። የጋበዙት ከሌላ ኦርኬስትራ ጋር እንዲጫወት ነበር። እሱ ግን እነሱን ሰማና፣ ከእናንተ ጋር ነው መጫወት የምፈልገው አላቸው። ሰባ ሊሞላው ምንም ያልቀረው ሰው! በ2006 "ሞዓ አንበሳ" የሚለውን አልበም አወጡ፣ ከዚያ አውሮፓን አብረው ዞሩ። ለፎካሪ ደግሞ አጃቢ ያስፈልገዋል፤ "በለው!" የሚለው፣ መሬቱን የሚመታለት። አማርኛ የማያውቁ የሆላንድ ልጆች ይሄ ገብቷቸዋል። እኔ የመንዙ ልጅ ዲጄ ጠቀስኩ።

ለገና መሐል ሜዳ ወጣሁ። ብርዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጋሼ ባናቸውን ተከናንበው እሳት ዳር ተቀምጠዋል። ምንም ሳልል ስልኬን ከፍቼ ሰጠኋቸው። ስክሪኑን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው አዩ።

"እነዚህ ልጆች ምን ሆነው ነው የሚዘሉት?" አሉኝ።

"እያጀቡት ነው ጋሼ።"

ዝም ብለው ሰሙ። አንዱ ቦታ ላይ፣ ሳክስፎኑ ቀጥ ሲል፣ እጃቸው ከባናው ሥር ወጥታ ጉልበታቸውን መታች። ሲያልቅ ስልኩን አልመለሱልኝም።

"እስከ መጨረሻው አሰሙት? ማንም አላቋረጠውም?"

"ማንም።"

እሳቱን ቆስቆስ አደረጉ። ቀና ብለው አላዩኝም።

"ድገመው እስቲ" አሉ።

ባትሪው 11 ፐርሰንት ነበር። ደገምኩላቸው።