የልጄ ቀጠሮ

በድሬ ዳዋ ከተማ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምኖር ሰው ስለ ሆንሁ ሥራዬ የሰውን ቃል መመዝገብና ቀጠሮ መጻፍ ነው። ዛሬ ግን የምጽፈው በራሴ ቤት ስለ ደረሰው ነገር ነው።

የ11 ዓመት ልጄ ጉሮሮዋን ታመመች። እኔም ጉንፋን ነው ብዬ በማርና በሎሚ ተውሁት። ከ3 ሳምንት በኋላ ጉልበቷ አበጠ፤ እርሱ ሲሻላት ደግሞ ክርኗ አበጠ። ሐኪሙ ማዳመጫውን ከደረቷ ላይ አኑረው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ኋላም በድምፅ ሞገድ የልብን መልክ በሚያሳየው ኢኮ በሚባለው መሣሪያ አይተው፣ ከጉሮሮ ሕመም የሚነሣው የሩማቲክ ትኩሳት የልቧን ቫልቭ እንደ ነካው ነገሩኝ። «ሳይቃጠል በቅጠል» እያልሁ ሌላውን ስመክር የኖርሁ ሰው በቤቴ ረሳሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ልብ ሕክምና እመረምር ጀመር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1816 የፈረንሳዩ ሐኪም ላኔክ ወረቀት ጠቅልሎ የአንዲት ሕመምተኛን ልብ ቢያዳምጥ የማዳመጫው ጥበብ ተገኘ። የሆላንዱ አይንትሆቨን የልብን ኤሌክትሪክ በመስመር በሚጽፈው መሣሪያ ሥራው በ1924 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ዛሬ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ጥበብ መጥቷል። በ2019 በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ሊቃውንት ከ44,000 የሚበልጡ ሕሙማንን የልብ መስመርና የኢኮ ውጤት ለኮምፒውተር አስጠንተው፣ ከመስመሩ ብቻ የደከመውን ልብ እንዲለይ ማድረጋቸውን ገለጡ። በቅኔ ቤት ሳለሁ የኔታ ከሰሙ ሥር ወርቁን ፈልግ ይሉኝ ነበር፤ ይህም መሣሪያ የሰው ዓይን ሰሙን ብቻ በሚያይበት ስፍራ ወርቁን የሚፈልግ ነው። በ2020ም የኢኮ ልምድ የሌላቸውን ነርሶች እጅ የሚመራ ፕሮግራም በዚያው አገር ተፈቀደ። የልብ ሐኪም ላልደረሰበት ወረዳ ይህ ታላቅ ተስፋ ነው።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ ልቤ ኰራ። ልጄም በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ስትሮጥ አይቼ ድናለች ብዬ፣ በየ4 ሳምንቱ የምትወጋውን የፔኒሲሊን መርፌ አንድ ጊዜ አሳለፍሁ። ከዚህም በኋላ ወደ ሐኪሙ ሄጄ፣ አዲሱ መሣሪያ ልቧ ደኅና ነው ቢል መርፌው አይቀርምን ብዬ ጠየቅሁ።

እርሳቸውም «በእናንተ ችሎት ምስክር ይፈርዳልን?» አሉኝ።

«አይፈርድም» አልሁ።

«እንግዲያው መሣሪያውም ምስክር ነው፤ የሚመሰክረውም የተማረውን ያህል ነው። የአገራችን ልጆች ልብ ካልተመዘገበለት ስለ እነርሱ በእርግጥ ሊናገር አይችልም። ደግሞም የሚነግረን የዛሬውን ነው፤ ጉሮሮዋ እንደ ገና ቢታመም ልቧን የሚጠብቀው መርፌው ነው» አሉኝ።

ነገሩ እውነት ነው። ቫልቩ ፈጽሞ ከተበላሸ የሚቀረው ቀዶ ሕክምና ነውና፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ እንዲቋቋም በደከሙለት የልብ ማዕከል ብዙ ልጆች ተራ ሲጠብቁ ኖረዋል።

ከዚያ ወዲህ የልጄን የመርፌ ቀን ከችሎቱ ቀጠሮ ጋር በአንድ ደብተር እጽፈዋለሁ። የችሎት ቀጠሮ በበቂ ምክንያት ይለወጣል፤ የልጄን ግን አልለውጠውም። እናንተም ወላጆች፣ ልጃችሁ ጉሮሮዬን ያለ ቀን ነገን ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።