ያላለቀው ሌማት



ክረምቱን ያሳለፍኩት ወሎ ሐይቅ ከተማ፣ እናቴ ቤት ሌማት ስሰፋ ነው። አብሮ አደጌ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት ስላልመጣላት፣ «ምን ብዬ ልደውል?» እያልኩ ሁለት ዓመት ዝም ብያት ነበር። የጁሙዓ ቡና ላይ ተገናኘን። አልወቀሰችኝም፤ ስፌቴን አየችና «ዙሩ ላልቷል፣ ፍቺውና እንደገና ጀምሪ» ብላ ወስፌዋን አቀበለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ዐስር እየሰገድን ሐይቁ ዳር ወርደን አብረን ሰፋን። እናቶች ቡናው ላይ ዱዓ ሲያደርጉልን እኩል «አሚን» አልን።

ሌማቱ ሳያልቅ ግቢ ተጠራን። ስንደዶ የሚለቀመው በመስከረም ነው፤ የኔን ድርሻ እሷ ትለቅምልኛለች። እኔም በየጁሙዓው እደውላለሁ፣ ኢንሻአላህ።

እናንተስ አፍራችሁ ያልደወላችሁለት አብሮ አደግ የለም?